ከባሶ ገበያ እስከ ደጀን መናኸሪያ

ደጀን ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ያየ ሰው አገሩ ከእግሩ ሥር ድንገት ሲሰበር ያያል። ሜዳው ያልቅና ገደሉ ወደ ኩራር ቆላ ይወርዳል፤ ከኩራር በታች ዓባይ፣ ከዓባይ ማዶ ደግሞ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣው ዳገት አለ። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ይህ ከተማ ለመንገደኛው ቁርስ መብያ፣ ለከባድ መኪና ሾፌሩ ጎማና ፍሬን ማያ፣ ለጎጃም ደግሞ በር ነው። ጤፉም፣ ሲሚንቶውም፣ ሙሽራውም፣ ለቀስተኛውም በዚሁ በር ይወጣል፣ ይገባል። ልጆችም እንዲሁ። የምጽፈው ስለ ልጆቹ ነው፦ ሌላ ሰው ሊያተርፍባቸው በዚህ መሻገሪያ ስላለፉት፣ ዛሬም ስለሚያልፉት።

በልጅና በደካማ ሰው ትከሻ የሚነግድ የተደራጀ ቡድን ዛሬ የብዙ አገር ፖሊስ ራስ ምታት ሆኗል። አንዱ ቦታ ዕፅ ያሸክማቸዋል፤ ሌላው ቦታ ራሳቸውን ይሸጣቸዋል፤ ሌላው አግቶ ለወላጆቻቸው ስልክ ይደውላል። ዕቃው ይለያይ እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ትርፉ ላይ የሚቀመጠው ሰው አደጋው አጠገብ አይደርስም፤ አደጋው ላይ የሚቆመው ልጅ ትርፉን አያይም። ይህን አሠራር የጎጃም ደጋ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ጠንቅቆ ያውቀው ነበር።

ከደጀን በስተ ምዕራብ፣ ዛሬ የጁቤ በምትባለው የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ አካባቢ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አገር ያወቀው የባሶ ገበያ ይውል ነበር። ሲራራ ነጋዴው ከቦንጋ ይነሣና በጅማ ሂርማታ፣ በሊሙ እናርያ ሳቃ፣ በጉድሩ አሰንዳቦ አድርጎ ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ይገባል። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ኮረሪማ ያራግፋል፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይጭናል። ከባሶ ወዲያ መንገዱ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም አንዱ ወደ መተማ፣ ሌላው ወደ ምፅዋ ይቀጥላል። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. አገሩን የዞሩት ፈረንሳውያኑ የዳባዲ ወንድማማቾች ስለዚህ ንግድ ብዙ ጽፈዋል። ከወርቁና ከዝባዱ ጎን ግን ሰውም ይሸጥ ነበር።

ሰው ስንል በብዛት ልጅ ማለታችን ነው። ወደ ግብፅና ወደ ዓረብ አገር ከሚወርደው ጭነት ትልቁ ድርሻ የልጃገረዶችና ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዋቂ ይሸሻል፣ ይዋጋል፣ የመጣበትን መንገድ ያስታውሳል። ልጅ ግን ሁለት ገበያ ካለፈ በኋላ የአባቱን አገር በየት በኩል እንዳለ አያውቅም። ቋንቋውን ይረሳል፣ የጌታውን ይለምዳል፤ ሲመቱት ያለቅሳል እንጂ አይመታም። ዛሬ ዕፅ አዘዋዋሪው የ13 ዓመት ልጅ የሚመርጥበት ምክንያት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በ1848 ዓ.ም. ገደማ ኢሉባቦር ሁሩሙ አጠገብ የተወለደው ሂካ የተባለ ሕፃን ታሪክ ይህን ያሳያል። ገና በልጅነቱ ከእናቱ ተነጠቀ፤ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ስምንት ጊዜ እንደተሸጠ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይተርካሉ። በ1862 ዓ.ም. ምፅዋ ላይ ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣው። ይህ ልጅ ኋላ ኦነሲሞስ ነሲብ ተባለ፤ እሱም እንደ እሱ ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ለኦሮምኛ አንባቢ አደረሰ። መጽሐፉ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ስለ ኦነሲሞስ ሲነገር ሁሉም የሚያነሣው ትርጉሙን ነው፤ ይገባዋልም። እኔን ግን እነዚያ ስምንት ሽያጮች አይለቁኝም። ስምንቱ ነጋዴዎች አንድ ላይ ተሰብስበው ልጅ ለመስረቅ አልተማከሩም። እያንዳንዱ ከአንዱ ተቀብሎ ለቀጣዩ አስረከበ። ሁለተኛው «እኔ አልነጠቅሁትም» ማለት ይችላል፤ ሰባተኛው «ባሕር አላሻገርሁትም» ማለት ይችላል። ወንጀሉ ተቆራርሶ ስለተከፋፈለ ማንም ሙሉ ወንጀለኛ ሆኖ አልታየም።

ጎጃም በዚህ ውስጥ መሸጋገሪያ ብቻ ነበር ብለን ራሳችንን እንዳናጽናና። የደጋው መኳንንት ወደ ምዕራቡ ቆላ ወርደው ከጉሙዝ ሕዝብ ልጆችን ይማርኩ ነበር፤ አብዱስሰመድ አህመድን የመሰሉ የታሪክ ባለሙያዎች ይህን በሚገባ መርምረው ጽፈውታል። ልጆቹ በየጌታው ቤት ውኃ ቀዱ፣ እህል ፈጩ፣ ከብት ጠበቁ፤ የእነሱም ልጆች የቤት ውልድ እየተባሉ በዚያው አረጁ። ፍትሐ ነገሥቱ ባሪያ መያዝን አልከለከለም። ክርስቲያን ሰውን እንደ ሸቀጥ ገበያ አውጥቶ መሸጡ ግን ነውር ስለነበር የመሸጡ ሥራ ለሌላ ተተወ፤ የመያዙ ጥቅም ከጌታው ጋር ቀረ። ነጋዴው ተናቀ፣ ተነቀፈ። የገዛው ሰው ግን ቤተ ክርስቲያን ሳመ፣ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ፣ ልጁን በክብር ዳረ። የነውሩን ሸክም ለተሸካሚው ጥሎ ትርፉን ንጹሕ አድርጎ መብላት እዚህ ደጋ ላይ በሕግና በልማድ ተሰፍቶ የኖረ ነገር ነው።

በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በምኒልክ ጦር ተሸንፈው ሲማረኩ የጊቤ አገሮች ንግድ ከጎጃም እጅ ወጣ። የባሶ ገበያ ድምቀቱ ቀነሰ። የልጆች ንግድ ግን አልቀነሰም፤ መንገዱን ወደ ሸዋ፣ ከሸዋም ወደ ታጁራ አዞረ። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በር ስለተዘጋ የቆመ የሰው ንግድ በታሪካችን አላውቅም።

የታጁራው መንገድ ወዴት እንዳደረሰ ደግሞ ባልተለመደ ጥራት እናውቃለን። በመስከረም 1881 ዓ.ም. ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በባብ ኤል መንደብ አቅራቢያ ሦስት ጀልባዎች ይዛ ከ200 በላይ ኦሮሞዎችን ነፃ አወጣች፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ 64ቱ ከዓደን ተነሥተው በ1890 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ እያንዳንዳቸው ተጠይቀው የመጡበትን መንገድ ተናገሩ፤ ቃላቸውም ተጻፈ። የታሪክ ተመራማሪዋ ሳንድራ ሮዎልት ሼል ያንን መዝገብ አውጥታ መጽሐፍ አድርጋዋለች። ከሩቅ የመጣ ጭንብል ያጠለቀ ወራሪ ብቻ የሚጠብቅ አንባቢ እዚያ ይደነግጣል። በጦር የተማረኩ አሉ፤ ነገር ግን ጎረቤት ያሳለፋቸው፣ በዕዳ የተሰጡ፣ ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው እጃቸውን ይዞ የወሰዳቸውም አሉ። ከ64ቱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ነበረች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ከማንዴላ ጋር ሮበን ደሴት የታሰረው ምሁር ነው።

ሕጉ በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝም አላለም። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ከለከሉ። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ውል ፈረሙ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ራስ ተፈሪ ጉዳዩን እንደሚፈቱ ቃል ገብተው በዚያው ዓመት ሕግ አወጡ፤ ሕጉ ግን ነፃነቱን የጌታውን ሞት አስጠበቀው። ይህ መዘግየት ምን እንዳስከፈለን እናውቃለን። ፋሺስት ኢጣልያ ሲወረን ለዓለም ካሳየው ሰበብ አንዱ ይኸው ነበር። የመጨረሻው ቃል የወጣው ከድል በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ ባርነት የሚባለውን ሁኔታ ራሱን ሻረ። ከቀደሙት የሚለየውም በዚህ ነው። የቀደሙት በዋናነት ሲራራውን ያሳድዱ ነበር፤ ይህኛው የባለቤቱን ደጅ አንኳኳ። ገዢው «የእኔ ነው» ብሎ ፍርድ ቤት መቆም ካልቻለ ነጋዴው የሚሸጥለት የለም።

አዋጁ ያልሠራውም አለ። ነፃ የወጣው ሰው መሬት አልተሰጠውም። ብዙው በነፃነቱ ማግስት እዚያው ጌታው ቤት፣ በሌላ ስም፣ ያንኑ ውኃ ቀዳ። ይህን ቆይቼ አነሣዋለሁ።

በጎጃም ደጋ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ መሄዱ ግን ሁልጊዜ የክፋት ታሪክ አይደለም። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ፣ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ፍለጋ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ብቻውን ወንዝ ይሻገር ነበር። የዚያን ልጅ ኑሮ አላስውበውም። ውሻ ነክሶታል፣ ቸነፈር ጨርሶታል፣ ርኃብ አጉብጦታል፤ ስንቱ ሳይመለስ እንደቀረ የቆጠረው የለም። አንድ ነገር ግን ነበረው። በደረሰበት መንደር ሁሉ ይጠየቃል፦ ከየት ነህ? ወዴት ትሄዳለህ? መምህርህ ማነው? መልሱ የሚጣራ ስም ያለበት መልስ ነው። አገሬው ለማያውቀው ልጅ ጠያቂ ነበር፤ ጠያቂ ያለው ልጅ ለመስረቅ አይመችም።

መኪናው መንገድ ይህን ለወጠው። ኢጣልያ ገደሉን ቆርጦ ጥርጊያውን አወጣ፤ ከነፃነት በኋላ ድልድዩ ቆመ፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በጃፓን ርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ተመረቀ። በእግር ብዙ ቀን የሚፈጀው መንገድ የአንድ ቀን ሆነ። መንገዱ ሐኪም ቤት አቀረበ፣ እህል አንቀሳቀሰ፣ ስንቱን ተማሪ ዩኒቨርሲቲ አደረሰ፤ እሰየው። ነገር ግን በአውቶቡስ ከአንድ አዋቂ ጎን የተቀመጠችን የ12 ዓመት ልጅ ማንም «ይህ ሰው ምንሽ ነው?» አይላትም። ረዳቱ ሒሳብ ይቀበላል፣ ተሳፋሪው ያንቀላፋል፣ አውቶቡሱ ገደሉን ይወርዳል።

ከደጀን፣ ከአዋበል፣ ከእነማይ፣ ከሸበል በረንታ ገጠር ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ልጆች ታሪክ ደጋግሞ የሚጀምረው በሚታወቅ ሰው ነው። የአክስት ልጅ፣ ለበዓል ከከተማ መጥታ ጥሩ የለበሰች የሰፈር ልጅ፣ የቤተሰቡን ችግር የሚያውቅ ደላላ። የሚነገረውም ቃል አይለወጥም፦ ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። እናት ይህን ሰምታ ልጇን ስትለቅ ልጇን አልሸጠችም፤ ትምህርት የገዛችላት መስሏታል። መናኸሪያ ሲደርሱ ሌላ ደላላ ይረከባል፤ ሦስተኛው ደላላ ቤቱ ያሳድራታል፤ አራተኛው ለቀጣሪዋ ያደርሳትና ኮሚሽኑን ይቀበላል። ከጨንቻና ከዶርዜ «ትምህርት ቤት እናስገባቸዋለን» ተብለው ሽሮ ሜዳ ሸማ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጡት የጋሞ ልጆችም የተወሰዱት በዚሁ ቃል ነው። ሕፃን ተከራይቶ አደባባይ የሚለምን፣ ዓይነ ስውር ሰው ይዞ ዞሮ ማታ ገንዘቡን የሚቀማ አለ። ማስቲሽ የሚስቡትን የጎዳና ልጆች ለስርቆት የሚያሰማራም አለ። ቀጣሪዋ «ደላላ ነው ያመጣልኝ» ትላለች፤ ደላላው «ቤተሰቧ ናቸው የላኳት» ይላል። ስምንቱ ሽያጭ እንደገና።

ከዓባይ ማዶ ሰላሌ፣ ሸበል አቦ በምትባል መንደር በ1928 ዓ.ም. የተወለደችው አበበች ጎበናም ልጅ ሳለች ሸሽታ ነበር አዲስ አበባ የገባችው፤ በ10 ዓመቷ ዳሯት ነው የሸሸችው። ያኔ መጀመሪያ ያገኛት ሰው ማን እንደነበር ሕይወቷን ወሰነው፤ የሚያስጠጋት አገኘች። በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያም ተሳልማ ስትመለስ በረኃብ ከተጎዱት መካከል ሁለት ሕፃናት ይዛ ቤቷ ገባች። ከዚያ የተነሣው ድርጅት እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ፣ እጅግ ብዙ ልጆችን አሳደገ። እሷን የመሰለች ልጅ ዛሬም በየሳምንቱ ከአውቶቡስ ትወርዳለች። የደላላው ጥበብ መጀመሪያ መድረስ ነው።

ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለው ሰንሰለት ደግሞ መሣሪያ ታጥቋል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል ያየች አገር አለቀሰች፤ በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 909 ወጣ። ሊቢያ ባኒ ዋሊድ የነበሩ ማጎሪያዎች ስደተኛን እየገረፉ ጩኸቱን በስልክ ለወላጅ ያሰሙ ነበር። ከእነዚህ ማጎሪያዎች ጋር ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ኪዳነ ዘካሪያስ ሀብተማርያም በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተያዘ፤ ያስያዘው ቀድሞ በእጁ የተሠቃየ ልጅ መንገድ ላይ ለይቶት ነው። በየካቲት 2013 ከፍርድ ቤት አመለጠ፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በታኅሣሥ 2015 ሱዳን ውስጥ እንደገና ተያዘ። ሌላው፣ ዋሊድ በሚል ስም የሚታወቀው ተወልደ ጎይቶም፣ እዚሁ 18 ዓመት ተፈርዶበት ኋላ ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ከነሙሉ ስማቸው የምጠራው እንደነሱ ያለ የላይኛው ሰው ፍርድ ቤት የሚቆመው ከስንት አንዴ ስለሆነ ነው። በምሥራቁ መንገድ ከኦቦክ ወደ የመን የሚሻገሩት ጀልባዎች ዛሬም አልቆሙም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ150 በላይ ሰው የጫነች ጀልባ የመን አብያን ዳርቻ ሰጥማ በርካታ ኢትዮጵያውያን አለቁ። ኦቦክና ታጁራ ያሉት በአንድ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው።

ነገሩ ወደ ደጀን እየቀረበ መጥቷል። ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች የተሳፈሩባቸው አውቶቡሶች ጎጃምን አቋርጠው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ቆሙ። ከመቶ በላይ ሰው ታገተ፤ ለየቤተሰቡ እየተደወለ ገንዘብ ተጠየቀ። በሬ ሸጦ ልጁን ያስተማረ ገበሬ የቀረውን በሬ እንዲሸጥ ታዘዘ ማለት ነው። በዚያው ክረምት ጎንደር ከተማ ውስጥ ገንዘብ የተጠየቀባት የሁለት ዓመት ሕፃን ተገድላ ተገኘች፤ ሕዝቡም አደባባይ ወጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ትምህርት ቤት አልገቡም። ደብተር የሌለው፣ ቀኑ ባዶ የሆነ፣ አባቱ የራቀ የ14 ዓመት ልጅ፣ ጠዋት የመጣለት ሰው ሁሉ የሚይዘው ልጅ ነው። ጥይት የሚያሸክመውም፣ ሐሺሽ የሚያሸክመውም፣ መተማ አሻግራለሁ የሚለውም።

ዕፁን በተመለከተ እስካሁን የጎጃም ከተሞች የትልልቅ አዘዋዋሪዎች መናኸሪያ ሆነዋል ብዬ አላጋንንም። ጫት ሕጋዊ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ከተሞች ዙሪያ የሚከፈቱት የጫትና የሺሻ ቤቶች ግን ልጆች መጀመሪያ የሚለመዱባቸው፣ ዱቤ የሚገቡባቸው ቦታዎች ናቸው። ዱቤው ነው የሚያስፈራኝ። በዓለም ላይ ዕፅ ተሸካሚ ከሆኑት ልጆች ብዙዎቹ የተጠመዱት በዱቤ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከሳኦ ፓውሎ ወደ እስያና ወደ ሌላው አፍሪካ የሚወርደው ኮኬይን ማለፊያ ከሆነ ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት ጓደኛዋ «አድርሽልኝ» ባለቻት የሻምፑ ጠርሙስ ውስጥ ኮኬይን ተገኝቶባት ቻይና ውስጥ ስትታሰር አገሩ ሁሉ ስለ እሷ ጸለየ፣ ፊርማ አሰባሰበ። ጠርሙሱን የሞላው ሰው ማን እንደሆነ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው።

እንግሊዝ በዚህ ረገድ ዘግይታም ቢሆን የተማረችውን ማየት ይጠቅማል። እዚያ ፖሊስ ካውንቲ ላይንስ የሚላቸው ቡድኖች ከለንደንና ከበርሚንግሃም ትንንሽ ልጆችን በባቡር ወደ ገጠር ከተሞች ይልካሉ። ልጁ ሄሮይንና ክራክ ይይዛል፤ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወይም ብቸኛ የሆነ ሰው ቤት በጉልበት ገብቶ ከዚያ ይሸጣል፤ ስልኩን የያዘው አለቃ ከተማው ውስጥ ተቀምጦ ትእዛዝ ይቀበላል። ፖሊስ ለዓመታት ልጁን ሲይዝ ኖረ፤ አለቃው በማግስቱ ሌላ ልጅ ላከ። የ2015ቱ የዘመናዊ ባርነት ሕግ ሁለት ነገር አመጣ። አንዱ፣ ተገዶ ወይም ተበዝብዞ ወንጀል የሠራ ልጅ በዚያ ምክንያት ራሱን እንዲከላከል ፈቀደ። ሁለተኛው፣ አለቃው በዕፅ ንግድ ብቻ ሳይሆን በሰው ንግድ እንዲከሰስ በር ከፈተ። በ2018 እ.ኤ.አ. የበርሚንግሃም ፍርድ ቤት ልጆችን ወደ ሊንከን ከተማ ዕፅ እንዲሸጡ የላከ ወጣት ላይ በዚህ ክስ 14 ዓመት ፈረደ። ጥያቄው «ማን ይዞ ተገኘ?» ከሚለው ወደ «ማን ላከው?» ተዛወረ።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ሕግ እኛም አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 በሰው መነገድን፣ በአንቀጽ 36 የልጆችን ጉልበት መበዝበዝን ከልክሏል። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 182 ልጅን ለዕፅ ምርትና ዝውውር ማሰማራትን ከአስከፊዎቹ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛዎች አንዱ ብሎ ይቆጥረዋል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሴት ወይም በልጅ የነገደን ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። የሚጎድለው ሕጉን ወደ አገር ውስጥ ንግዱ ማዞር ነው። እስካሁን ዓቃቤ ሕግ የሚያሳድደው በአብዛኛው ድንበር አሻጋሪውን ነው፤ ልጅቷን ከሸበል በረንታ ወደ አዲስ አበባ ያስተላለፈው ደላላ ግን ሲያዝም በሽምግልና፣ ቢበዛ በቀላል ክስ ይወጣል። ያለዕድሜዋ የቀጠራት፣ ደመወዟን ለደላላ የከፈለ፣ ትምህርት ቤት ያላስገባት ቀጣሪ ደግሞ ጨርሶ አይጠራም። በእኔ እምነት ከዚህ የከበደ ስሕተት የለም። የ1934ቱ አዋጅ ንግዱን የጎዳው የገዢውን ቤት ስላንኳኳ ነው፤ የእኛ ዘመን ሕግም ገዢው ሳሎን እስኪገባ ድረስ ደላላው ሥራ አይፈታም።

ፖሊስም ልምዱ የለውም አይባልም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፎረም ኦን ስትሪት ቺልድረን ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ከአዲስ አበባ ፖሊስ ጋር ሆኖ በፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች አስጀምሯል፤ መናኸሪያ ላይ የጠፋ ልጅ ለይቶ ቤተሰብ ማፈላለግ ከዚያ ጀምሮ የሚታወቅ ሥራ ነው። ያ ሥራ ግን የሚጀምረው ልጁ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ከደረሰ በኋላ ነው። ከምሥራቅ ጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው መኪና አብዛኛው ደጀን ላይ ይቆማል፤ ሹፌሩ ያርፋል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል። ልጆችን ማነጋገር የሚያውቅ አንድ ባለሙያና አንድ ፖሊስ መናኸሪያው ላይ ቢመደቡ፣ ረዳትና ሹፌር ጥርጣሬያቸውን የሚነግሩት ሰው ቢኖራቸው፣ ከእናት ከአባት ውጭ ካለ ሰው ጋር የሚጓዝ ልጅ ወላጁ ከሚኖርበት ቀበሌ ጋር በስልክ ቢጣራ፣ ገደሉን ከመውረዱ በፊት ብዙ ነገር ይያዛል። ይህን ስል የጸጥታውን ሁኔታ ዘንግቼ አይደለም፤ መንገዱ በሚዘጋበትና ቀበሌው በማይሠራበት ወቅት ይህ ከባድ ነው። ደላላው ግን በጦርነቱም ጊዜ እየሠራ ነው።

አሁን ወዳሳደርሁት ነገር ልመለስ። በ1934 ዓ.ም. ነፃ የወጣው ሰው መሬት ስላልተሰጠው እንደገና ወደ ጌታው ቤት እንደገባ ብያለሁ። ዛሬም ከቀጣሪ ቤት ወይም ከየመን ዳርቻ ተመልሳ የምትመጣ ልጅ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ አንዳንዴም ብርድ ልብስ ይሰጣታል፤ ከዚያ ወደ ሸሸችው ቤት፣ ወደዚያው ዕዳ፣ ወደዚያው ያለዕድሜ ጋብቻ ትመለሳለች። ቤተሰቡ ለጉዞዋ የተበደረው ገንዘብ አራጣ እየወለደ ይጠብቃታል። ለተጎጂዎች የሚሆን ፈንድ በአዋጅ ተደንግጓል፤ ከአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ወርዶ ወረዳ ላይ መድረስ አለበት። ደጀን ላይ የሚያስፈልገው ለጥቂት ቀን የምታድርበት ቤት፣ የምታናግራት ሴት ባለሙያ፣ የዕዳውን ነገር ከአበዳሪው ጋር የሚጨርስ ሰው፣ በመስከረም የምትመዘገብበት ትምህርት ቤትና ቢያንስ ለአንድ ዓመት እየደወለ የሚከታተል የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ የዳነችው ልጅ ሁለተኛ ጉዞዋን የምትጀምረው በዚያው መናኸሪያ ነው፤ ለሁለተኛው ጉዞ ደግሞ ደላላው ብዙ ማባበል አያስፈልገውም፣ መንገዱን ታውቀዋለችና።